ተጫዋች ጥቃት ሲፈጽም ክለብ ሽማግሌ አይላክ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ መካሄዱ ለእኛ ለሀዋሳ ነዋሪዎች ብዙ ጥቅም አስገኝቶልናል። ውድድሩ ወደ ከተማችን ሲመጣ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ ባጃጆች ሥራ ያገኛሉ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ ወጣቶች ሳይቀሩ ድርሻቸው ይደርሳቸዋል፤ ደጋፊውም ቀድሞ በሬዲዮ ብቻ ይከታተላቸው የነበሩ ቡድኖችን በዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ተቀምጦ ያያል። ስለዚህ አሠራር መልካምነት ብዙ ተብሏል፤ እኔም እስማማበታለሁ። ነገር ግን ማንም ሲያነሳው ያልሰማሁት አንድ ጉዳይ አለ። ከቤቱ ርቆ ለሳምንታት በሆቴል የሚኖር ተጫዋች በዚያች ከተማ በምትኖር ሴት ላይ ጥቃት ቢፈጽም፣ ዙሩ ሲያልቅ ቡድኑ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አዳማ ይሄዳል፤ ተበዳይዋ ግን ከነቁስሏ እዚሁ ትቀራለች። በዚያን ጊዜ ለማን አቤት እንደምትል የሚናገር አንድም የሊግ ደንብ አላየሁም።

በጥብቅና ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝ። የቤተሰብና የወንጀል ጉዳዮች በብዛት ስለምይዝ ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት የዕለት ውሎዬ ናቸው። ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አደባባይ ወጥተው ከጨፈሩት መካከልም ነኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እግር ኳስን ጠልቼ ወይም ተጫዋቾችን በጅምላ ለመወንጀል አይደለም። ተጫዋቾች ከሌላው ወንድ ይልቅ ጥቃት ፈጻሚዎች ናቸው የሚል ማስረጃም የለኝም፤ በአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ላይ የተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት እንዲያውም በድብደባ የሚታሰሩት በዕድሜ እኩያቸው ከሆነው ሕዝብ አንጻር ሲታዩ ያነሱ እንደሆኑ አሳይቷል። የእኔ ጥያቄ ጥቃቱ ከተፈጸመ በኋላ በተጫዋቹ ዙሪያ ያለው ተቋም ምን ያደርጋል የሚል ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በሌላ ደንበኛዬ ጉዳይ ወደ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ በሴቶችና ሕፃናት ክፍል ደጃፍ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከጎኔ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣ ነበር። ግራ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል፤ ነጠላዋን እስከ ጉንጯ ስባ ልትሸፍነው ትሞክራለች። ብዙም ሳይቆይ የክለብ ቱታ የለበሰ ጎልማሳ ሁለት ሽማግሌዎችን አስከትሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ከዚያ በፊት እንደማያውቋት ከሁኔታቸው ያስታውቅ ነበር፤ ስሟን እንኳ የጠየቋት እዚያው ነው። ቱታ የለበሰው ሰው ከቦርሳው በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ወረቀት አወጣ። በተጫዋቹና በእርሷ መካከል የተፈጠረው አለመግባባት በሽምግልና ስለተፈታ አቤቱታዋን በገዛ ፈቃዷ ማንሳቷን የሚገልጽ ወረቀት ነው፤ የአመልካቿ ስም፣ የተጫዋቹ ስምና ቀኑ የሚጻፉባቸው ቦታዎች በነጠብጣብ ተትተዋል። ዓይኔ የቀረው በነጠብጣቦቹ ላይ ነው። ለአንድ ጉዳይ ብቻ የተዘጋጀ ወረቀት ነጠብጣብ አያስፈልገውም።

ልጅቷ ፈረመች። ክለቡ የየትኛው ከተማ እንደሆነና ተጫዋቹ ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ የእርሷን ማንነት ሊያሳብቅ ይችላልና። ተጫዋቹ በቀጣዩ ጨዋታ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አንዶች አንዱ ሆኖ ገባ።

ነገሩ በሕግ ዓይን ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። በወንጀል ሕጋችን ቀለል ያሉ የአካል ጉዳትና የእጅ እልፊት ወንጀሎች ተበዳይ አቤቱታ ካላቀረበ የሚያስከስሱ አይደሉም፤ አቤቱታው ሲነሳ መዝገቡም ይዘጋል። አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚደርስን ጥቃት ለይቶ ቢጠቅስም ቅጣቱን የሚወስደው ከእነዚሁ የአካል ጉዳት ድንጋጌዎች ነው። ስለዚህ በተግባር የጉዳዩ ሕይወት የተንጠለጠለው በአንዲት ብዙ ጊዜ ገቢዋ አነስተኛ በሆነ፣ በፈራችና ባፈረች ሴት ፊርማ ላይ ነው። ክለቡ ይህን ያውቃል። ጋዜጠኛ ሲጠይቀው ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው ጉዳዩ በሕግ የተያዘ ስለሆነ የፍርድ ቤትን ውሳኔ እንጠብቃለን ብሎ ነው፤ በጓሮ በኩል ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ እንዲቀር ሰው ይልካል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ሰጥቷል፤ እኔም በሙያዬ ይህን መብት ስሟገትለት የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህ መብት ግን መንግሥት አንድን ሰው እንዳያስር የሚከላከል ጋሻ እንጂ ክለብ ምስክር አባብሎ መዝገብ እንዲያዘጋ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ፍርድ ቤቱን እጠብቃለሁ የሚል ተቋም ቢያንስ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደውን መንገድ መዝጋት የለበትም።

በዚህ ላይ ስፖርት ራሱ ፍርድ ቤት ሳይጠብቅ የሚቀጣባቸው ጉዳዮች ሞልተዋል። ሀገራችን የሯጮች ሀገር ስለሆነች የፀረ-ዶፒንግ ሕግን የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። በዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ሕግ መሠረት በምርመራ ዝርዝር ውስጥ የተካተተ አትሌት በ12 ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ አሳውቆት በነበረው ቦታ ካልተገኘ እስከ ሁለት ዓመት ይታገዳል፤ አበረታች ንጥረ ነገር መውሰዱ እንኳ መረጋገጥ አይኖርበትም። የተከለከለ ነገር ተገኝቶበት ሲቀጣም የሚፈለገው ማስረጃ በወንጀል ችሎት የሚፈለገውን ያህል ጥብቅ አይደለም፤ ከተራ የሚዛን ግምት ከፍ ይላል፣ ከወንጀሉ መለኪያ ግን ዝቅ ይላል። በእግር ኳስም የፊፋ የዲሲፕሊን ሕግ ዳኛን የመታ ተጫዋች ቢያንስ ለ15 ጨዋታዎች እንዲታገድ ይደነግጋል፤ ለዚህም ማንም የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠብቅም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2019 የአፍጋኒስታን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩትን ከራሙዲን ከሪምን በሴት ተጫዋቾች ላይ በፈጸሙት ጾታዊ ጥቃት ዕድሜ ልክ ያገዳቸውና አንድ ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ የቀጣቸው በራሱ የሥነ ምግባር ችሎት ነው። እንግዲህ በሜዳ ላይ የዳኛን ደረት የገፋን ሰው ለመቅጣት አቅም ያለው ተቋም በሆቴል ክፍል ውስጥ የሴት ጥርስ ለሰበረው ሲሆን ለምን እጁ እንደሚያጥር የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ሌሎች አገሮች በዚህ ጉዳይ ተሳስተው ተምረዋል። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ኤንኤፍኤል የሚባለው፣ ለብዙ ዓመታት እንደ እኛ ሊግ ዝም ባይ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 የባልቲሞር ሬቨንስ ተጫዋች የነበረው ሬይ ራይስ በአትላንቲክ ሲቲ በአንድ የቁማር ቤት ሊፍት ውስጥ እጮኛውን መትቶ ራሷን አሳታት። ራሷን የሳተችውን ሴት ከሊፍቱ ሲጎትታት የሚያሳየው ቪዲዮ ወዲያው ወጥቶ ሳለ የሊጉ ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል በሐምሌ ወር የወሰኑት ቅጣት ሁለት ጨዋታ ነበር። ሕዝቡ ሲቆጣ ኮሚሽነሩ መሳሳታቸውን አምነው ለመጀመሪያ ጥፋት መነሻው ስድስት ጨዋታ እንዲሆን ደነገጉ። በመስከረም ከሊፍቱ ውስጥ የተቀረጸው ቪዲዮ፣ ምቱን ራሱን የሚያሳየው፣ ሲወጣ ክለቡ ተጫዋቹን በዚያው ቀን አሰናበተ፤ ሊጉም ላልተወሰነ ጊዜ አገደው። ነገር ግን በኅዳር የቀድሞ ዳኛ የነበሩት ባርባራ ጆንስ ይግባኙን ሰምተው አንድ ሰው ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ሊቀጣ አይችልም በማለት ሁለተኛውን እገዳ ሻሩት። በሕግ ካየነው ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ደንብ ሳይኖረው በየጊዜው በሕዝብ ቁጣ መጠን የሚቀጣ ሊግ መጀመሪያ ላይ ተበዳይዋን ይበድላል፣ በኋላ ደግሞ ተጫዋቹን ይበድላል። በእኛም ሀገር አንድ ቀን በአንድ ስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ይወጣል፤ ያን ቀን በድንጋጤ የሚጻፍ ደንብ ፍትሐዊ እንደማይሆን ከአሁኑ መናገር እችላለሁ።

የቤዝቦል ሊጋቸው ከዚህ የተሻለ መንገድ መርጧል። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 በቤት ውስጥ ጥቃት፣ በጾታዊ ጥቃትና በሕፃናት ጥቃት ላይ በጋራ ደንብ ፈረሙ። በደንቡ መሠረት ኮሚሽነሩ ለመቅጣት የወንጀል ክስም ሆነ የጥፋተኝነት ውሳኔ አያስፈልጋቸውም፤ ሊጉ ራሱ ይመረምራል፣ ምርመራው እስኪጣራ ተጫዋቹን ለተወሰኑ ቀናት ከሥራ ማግለል ይችላል፣ የዘርፉ ባለሙያዎች የተካተቱበት የጋራ ቦርድ ደግሞ የሕክምናና የምክር አገልግሎቱን ይከታተላል። ተጫዋቹ ቅጣቱ ከብዶብኛል ካለ ለገለልተኛ ዳኛ ይግባኝ ይላል። በዚህ ደንብ መጀመሪያ የታገደው አሮልዲስ ቻፕማን ዐቃቤ ሕግ ክስ ሳይመሠርትበት በ2016 ለ30 ጨዋታዎች ተቀጥቷል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው በማኅበራቸው በኩል ደንቡን ተደራድረው መቀበላቸውን ነው፤ ማንም ሳላውቀው በወጣ ሕግ ተቀጣሁ ሊል አይችልም።

ከአውስትራሊያ የራግቢ ሊግ የምንማረው ደግሞ ሌላ ነው። ሊጉ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ 11 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስቀጣ በሚችል ወንጀል የተከሰሰ ተጫዋች ሙሉ ደመወዙ እየተከፈለው ከጨዋታ ብቻ እንዲገለል የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። አንድ ተጫዋች ደንቡን በፌዴራል ፍርድ ቤት ተቃውሞ ተረታ። ከዚያ በወንጀል ችሎቱ ፍርድ የሚሰጡት ዜጎች (ጁሪው) ሁለት ጊዜ መስማማት ስላልቻሉ የቀረው ክስ በ2021 ተቋረጠ፤ ተጫዋቹም ብዙ የመጫወቻ ጊዜውን አጥቶ ተመለሰ። ይህን የማነሳው ማግለል ዋጋ እንዳለው ሳልሸሽግ ለመናገር ነው። ጥፋተኛ ያልተባለ ሰው ከሜዳ መራቁ ቀላል ነገር አይደለም፤ የተጫዋች ዕድሜ አጭር ነው። ደመወዙ መቀጠል ያለበትም ስለዚህ ነው። የእኛ የወንጀል ችሎቶች ቀጠሮ ምን ያህል እንደሚራዘም ስለማውቅ የሊጉ ውስጣዊ ምርመራ በሳምንታት እንጂ በዓመታት የሚቆጠር መሆን የለበትም እላለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በአሜሪካ ሊጉን ያስፈራው የስፖንሰሮቹ ፊት መጥቆር ነበር። የእኛ የከተማ ክለቦች ግን በአብዛኛው የሚተዳደሩት ከከተማ አስተዳደር በሚመደብ በጀት ነው፤ የተጫዋቹ ደመወዝ የሚከፈለው ከነጋዴው፣ ከመምህሩ፣ ፒያሳ ቡና ከምታፈላውና ሆቴል አልጋ ከምታነጥፈው ሴት ከተሰበሰበ ግብር ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚኖር ተቋም ሠራተኛውን ላከ፣ ወረቀት አስጻፈ፣ መዝገቡን ያዘጋለትን ተጫዋች በሕዝብ ፊት አሰለፈ ማለት ለእኔ ከግል ክለብ ይልቅ የከፋ ነው። በከተማው ምክር ቤት የሚቀመጡ ተወካዮቻችን የክለቡን በጀት ሲያጸድቁ ስለ ዝውውር ክፍያ እንደሚጠይቁት ሁሉ ስለዚህም ሊጠይቁ ይገባቸዋል።

ደንብ ማውጣት ከባድ ነው የሚለውንም አልቀበልም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ሲበጅ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ተስማምተዋል። ጣሪያው እንዴት እንደተጣሰ ሌላ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ስለ ገንዘብ ሲሆን ሁሉንም የሚያስር ደንብ ማዘጋጀት እንደሚቻል አይተናል።

ስለ ሽምግልና ስናገር እንዳልታማ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ በሽምግልና የማምን ሰው ነኝ፤ ብዙ ባልና ሚስት ከፍርድ ቤት ይልቅ በሽማግሌ ፊት ሲታረቁ አይቻለሁ። እዚህ ሲዳማ ውስጥ በአፊኒ ሥርዓት ሽማግሌዎች ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚፈልጉት እውነቱን ነው፤ በሥርዓቱ ዋናው ነገር ሃላሌ፣ ማለትም እውነት፣ ስለሆነ በዳዩ ጥፋቱን ሳያምን እርቅ ብሎ ነገር የለም። ፖሊስ ጣቢያ ያየኋቸው ሁለት ሽማግሌዎች ግን ምን እንደተፈጸመ አልጠየቁም። በዳዩም በቦታው አልነበረም፤ ያን ሰዓት ልምምድ ላይ ነበር። አንዱ ወገን በሌለበት፣ እውነት ባልተጠየቀበት፣ ባለጉዳዩ ክለብ በቀጠራቸው ሰዎች የሚደረግን ነገር ሽምግልና ብሎ መጥራት የአባቶቻችንን ሥርዓት ማዋረድ ነው።

ከዚህ ሌላ አንባቢ ሊያነሳው የሚችለውና እኔም ከባልደረቦቼ አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ተቃውሞ አለ፤ ተጫዋች ስመ ጥር ስለሆነ ገንዘብ የምትፈልግ ሴት በሐሰት ልትከሰው ትችላለች የሚል። ሊሆን ይችላል። በጥብቅና ዘመኔ የሐሰት አቤቱታም አይቻለሁ። ታዲያ በሐሰት የተከሰሰውን ሰው የሚያድነው ምንድን ነው? ነጠብጣብ ያለበት ወረቀት አያድነውም። መዝገቡ በገንዘብና በልመና ሲዘጋ ንጹሑም ጥፋተኛውም እኩል ይወጣሉ፤ ሐሜቱ ግን ከንጹሑ ጋር ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ሁለቱንም ወገን የሰማ፣ የሕክምና ማስረጃውን ያየ፣ የሆቴሉን ካሜራ የመረመረ ገለልተኛ ኮሚቴ ጥፋት አላገኘሁበትም ቢል ግን ተጫዋቹ ስሙ ይመለስለታል። አቤቱታውም ውሳኔ እስኪሰጥበት በሚስጥር ቢያዝ ማንንም አይጎዳም።

ቅጣቱን በተመለከተ ብዙ የሴቶች መብት ተሟጋች ወዳጆቼ ከሚሉት እለያለሁ። ለመጀመሪያ ጥፋት ዕድሜ ልክ ይታገድ የሚለው ጥያቄ በቁጣ ጊዜ ትክክል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። አብዛኛዎቹ ተበዳዮች የተጫዋቹ ሚስቶችና አብረውት የሚኖሩ ሴቶች ናቸው፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤቱ ኪራይ፣ አንዳንዴም የእርሷ እናት ጭምር የሚጦሩት በእርሱ ደመወዝ ነው። አቤት ማለቷ እንጀራቸውን ሁሉ የሚያሳጣ ከሆነ አፏን ትዘጋለች፤ ዝም ስትል ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የሚመታት ከበፊቱ ይበልጥ ነው። ስለዚህ ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ክብደት የሚለያይ፣ ለከባዱና ለተደጋገመው እስከ ሙሉ እገዳ የሚደርስ፣ ለቀለለው ግን በጨዋታ ብዛት የሚለካና ከግዴታ የምክር አገልግሎት ጋር የተያያዘ ቢሆን እመርጣለሁ። በእገዳው ጊዜም ከደመወዙ የተወሰነው ድርሻ በቀጥታ ለሚስቱና ለልጆቹ ቢከፈል የቤተሰብ ሕጋችን ከደነገገው የመጦር ግዴታ ጋር የሚሄድ ነው።

ችግሩ የጥቂት ተጫዋቾች ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን የ2016ቱን (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ላስታውስ። አግብተው ከሚያውቁ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 34 በመቶ የሚሆኑት ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ሥነ ልቦናዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከዚህም የሚከብደኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ሊመታት ይገባል ብለው ያመኑት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ ወንዶቹ 28 በመቶ ናቸው። የሚመታትን ሰው ትክክል ነው ብላ የምታምን ሴት ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ከመጣች ምን ያህል ነገር አልፋ እንደመጣች መገመት አያዳግትም። እዚያ ስትደርስ በር ላይ የሚጠብቃት ባለ ቱታ ሰው ሊሆን አይገባም።

ደግሞም ስፖርተኛ ሁልጊዜ በዳይ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ በዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ጊዜ ነሐስ ያገኘችውን አግነስ ቲሮፕን በጥቅምት 2021 (እ.ኤ.አ.) በኢቴን ቤቷ ውስጥ ተወግታ ተገድላ አጥታታለች፤ በግድያው የተከሰሰው ባለቤቷ ነው። በመስከረም 2024 ደግሞ ኡጋንዳዊቷ ርብቃ ቼፕቴጌ ከፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን በተመለሰች በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ የቀድሞ ጓደኛዋ ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጥሏት በኬንያ ሕይወቷ አልፏል። የኬንያ አትሌቶች ከቲሮፕ ሞት በኋላ በስሟ ድርጅት አቋቁመው ጥቃት የሚደርስባቸውን እየረዱ ነው። ሎዛ አበራን በመሳሰሉ ተጫዋቾች የምትኮራ ሀዋሳም የሴቶች ቡድን አላት፤ ለወንዶቹ የሚወጣው ደንብ ለሴት ተጫዋቾቹም መከታ ሆኖ መጻፍ ይኖርበታል፤ የሚያስጨንቃቸው አሰልጣኝም ይሁን የቤት ሰው።

የሊጉ አክሲዮን ማኅበርና ፌዴሬሽኑ ደንቡን ሲያዘጋጁ ከምንም በፊት አንድ ነገር እንዲጽፉ እጠይቃለሁ፦ ማንኛውም የክለብ አመራር፣ ሠራተኛ ወይም በክለቡ የተላከ ሰው አቤት ባይዋን፣ ቤተሰቧንና ምስክሮቿን ማነጋገር፣ ገንዘብ መስጠትና ወረቀት ማስፈረም እንዳይችል፤ ይህን ያደረገ ክለብም ተጫዋቹ ጥፋተኛ ሆነም አልሆነ በነጥብ ቅነሳ እንዲቀጣ። የገንዘብ ቅጣት ከሕዝብ በጀት ስለሚከፈል አይቆረቁርም፤ ነጥብ ግን እያንዳንዱን አመራር ያስጨንቃል። የተቀረው ከዚህ ይከተላል። ምርመራውን የሚያደርገው ከክለቦቹ ውጭ የሆነ፣ የሴቶች ጉዳይ የሚያውቅ የሕግ ባለሙያና የጤና ባለሙያ ያሉበት ኮሚቴ ይሁን፤ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ተጫዋች ደመወዙን እየተቀበለ ከሜዳ ይገለል፤ ያልተቋጨ ጉዳይ ያለበት ተጫዋች መልቀቂያ ሲወስድ መዝገቡም አብሮት ወደ አዲሱ ክለብ ይሂድ። የተጫዋቾቹ ተወካዮችም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ።

የሀዋሳ ከተማና የሌሎች የከተማችን ክለቦች አመራሮች ደግሞ ሊጉን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። በሚቀጥለው የዝውውር መስኮት ተጫዋቾቻቸውን ሲያስፈርሙ በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምረው ማስፈረም ይችላሉ፤ አንቀጹን ለማርቀቅ እኔም ሆንኩ የሙያ ባልደረቦቼ ያለ ክፍያ እንተባበራለን። ሊጉ ወደ ሀዋሳ ሲመለስ ደግሞ ቡድኖቹ በሚያርፉባቸው ሆቴሎች ሁሉ፣ በእንግዳ መቀበያውም በሠራተኞች መውጫውም፣ በአማርኛና በሲዳምኛ የተጻፈ፣ ለክለቦቹ ተጠሪ ያልሆነ ሰው የሚያነሳው አንድ ስልክ ቁጥር እንዲለጠፍ የከተማው አስተዳደርና ሊጉ ከወዲሁ ይስማሙ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ